ሐሙስ ከሰዓት፣ ከጋንባት ጋር

አንሻ ይመር ሐሙስ ሐሙስ ምሳዋን በልታ ማሲንቆዋን በጥቁር ከረጢት ትከትና ደሴ ውስጥ ከሸዋበር ሰፈር ወደ ሆጤ በእግሯ ትሄዳለች። ስቱዲዮው ከስታዲየሙ ጀርባ ያለ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ውስጡ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ ውሃና ግድግዳው ላይ የተተከለች አረንጓዴ መብራት አሉ። መብራቷ ስትበራ ሩቅ ምሥራቅ፣ ኡላንባታር ከተማ ላይ፣ መሽቷል፤ እዚያ ጋንባት የሚባል ሰው የአገሩን መሣሪያ፣ ሞሪን ኹርን፣ ጉልበቱ መሐል አቁሞ ይጠብቃታል። ሞሪን ኹር እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ ነው፤ ክሩ ግን ሁለት ነው፤ አናቱም ላይ የፈረስ ራስ ተቀርጾበታል። ሰላም ይባባላሉ፣ ስለ አየሩ ትንሽ ያወራሉ፣ ከዚያ አብረው ይጫወታሉ።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተጫውተዋል። በአካል ግን ተያይተው አያውቁም።

የሚያዳምጣቸው ብዙ ነው። የኮምቦልቻ ባቡር ተሳፋሪ ዋሻው ውስጥ ሲገባ እነሱን ይሰማል። ሐኪም ቤት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው፣ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት የምትመርጥ ሴት፣ ኡላንባታር ውስጥ በበረዶ ላይ መኪና የሚነዳ ሰው፣ ሁሉም ጆሮው ውስጥ በሰካው ጆሬ ይሰማቸዋል። ደሴ ውስጥ ጆሬ ያልሰካ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ልጅ ጥርስ ሲያበቅል ይሰካለታል፤ ሰው ሲሞት ሬሳ አጣቢው አውልቆ ለቤተሰቡ ያስረክባል። ጆሬው ውስጥ ያለው አስማሚ የሰው ቋንቋ ወደራስ ቋንቋ ይመልሳል፤ የሚሻክረውን ያለሰልሳል፤ ከፍ ያለውን ዝቅ፣ የተጣመመውን ቀና ያደርጋል። ደሴ ውስጥ ሰው ከተሰደበ ዘመን ሆኖታል ይባላል። የሚሳደብ ግን አልጠፋም።

አንሻ ማሲንቆን የተማረችው ከአባቷ ነው። ይመር ሰርግ ቤት ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጣ፣ የሱን ጣት እያየች አደገች። አሁን እሷ በደሴ ስሟ የታወቀ ሴት ናት። ጋንባት ደግሞ ለሷ ከወንድም አይተናነስም። እናቷ የሞተች ጊዜ እረፍት ላይ አብሯት አልቅሷል። እሱ ሚስቱን የፈታ ጊዜ እሷ አጽናንታዋለች። ሲያናግራት በወሎ አማርኛ ነው፤ ድምፁ ወፍራምና ረጋ ያለ፣ «እህቴዋ» እያለ። እንዲህ እንዲሰማት ያደረገው አስማሚው መሆኑን ታውቃለች። ሰው ግን የሚያውቀውን ሁሉ ዕለት ዕለት እያሰበ አይኖርም።

አንድ ሐሙስ የስቱዲዮው አስተባባሪ ኑርልኝ በሩ ላይ ጠበቃት። ኑርልኝ ትሁት ወጣት ነው፤ ለማንም እምቢ ብሎ አያውቅም።

«እትዬ አንሻ፣ የምሥራች! ጋንባት ሊመጣ ነው።»

«ወዴት?»

«እዚህ። ደሴ። ኅብረ ዜማ ነው የጋበዘው። በአዲሱ አዳራሽ አብራችሁ ትጫወታላችሁ። በአካል!»

ኅብረ ዜማ የሐሙሱን ዝግጅት የሚያሰራጨው ድርጅት ነው። አንሻ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ስቱዲዮው ደጃፍ መሆኗን አስታውሳ በእጇ ያዘችው።

ጋንባት ኮምቦልቻ ጣቢያ ላይ ከባቡር ሲወርድ ካሰበችው በላይ አጭር ነበር። ጉንጩ በብርድ የተቃጠለ፣ እግሩ ትንሽ ወደ ውጭ የተከፈተ፣ ስድሳ ዓመት የሚሆነው ሰው። የመሣሪያውን ሳጥን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፏል። ጨብጧት ሲያበቃ ፊቷን አየት አድርጎ አለቀሰ። «እህቴዋ፣ ደረስኩ» አለ በጆሬዋ ውስጥ ያ የምታውቀው ድምፅ። ከንፈሩ ግን ከቃሉ ጋር አይሄድም ነበር። በዚያ ቅርበት ስታየው ሰው ከሌላ ሰው ኋላ ቆሞ የሚያወራ መሰላት።

ባሏ ሙህዬ በግ አርዶ ጠበቃቸው። ሙህዬ የባቡሩ ዋሻ መብራት ጠጋኝ ነው፤ ሙዚቃ ይወዳል እንጂ አያውቅም። ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ጋንባት ከቦርሳው ነጭ ጭራ አወጣ፤ ከገዛ ፈረሱ የተቆረጠ ነው። አንሻ ጭራውን አበጥራ ማሲንቆዋ ላይ ወጠረችው። ጋንባት እስክትጨርስ አያት። ከዚያ በጣቱ ጆሮውን ነካና ጆሬውን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ምን ሆነ ሰውየው? አመመው እንዴ?» አለ ሙህዬ።

«አይደለም። አውልቂ እያለኝ ነው።»

አንሻ ጆሬዋን የምታወልቀው ጠጉሯን ስትታጠብ ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜም ከውሃው ድምፅ በቀር ምንም አትሰማም። አሁን ነቀለችው። ቤቷ በአንዴ ጮኸ። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ከጎረቤት ግቢ የዘይነባ ድምፅ ይመጣል። ዘይነባ በአጥሩ በኩል ጠዋት ጠዋት የምትመርቃት ሴት ናት። አሁን «ይቺ ጭራ ፈታይ ደግሞ ፈረንጅ ጎለተችብን» እያለች ነበር።

ጋንባት ደጋኑን አነሳ።

አንሻ እሱን እንደምታውቀው አስባ ነበር የተቀመጠችው። ከሞሪን ኹሩ የወጣው ድምፅ ግን ከወለሉ ሥር የመጣ ይመስል ወንበሯን አንቀጠቀጠው። ሻካራ ነው፤ ትንፋሽ አለበት፤ መሐሉ ላይ እንደሚያንኮራፋ ከብት ያለ ነገር ይሰማል። በአሥራ አንድ ዓመት ይህን ድምፅ አንድ ቀን አልሰማችም። የሰማችው ቀጭን፣ ለስላሳ፣ በኛ ትዝታ የተቃኘ ነገር ነበር። ጋንባት ጨርሶ በአገጩ «አንቺስ?» አላት።

ከሁሉም የሚከብደውን መረጠች፤ አንቺሆዬን። አባቷ ያስተማራት የመጨረሻው ቅኝት እሱ ነበር፤ ጣት የምትቀመጥበት ቦታ ከሌሎቹ ቅኝቶች በጠጉር ያህል የሚለይበት። ደጋኑን ሳበች። ጣቷ ወረደ። ስቶ ወረደ። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ሳተ። ሦስተኛውን ጊዜ ድምፁ አንቺሆዬም አልሆነ፣ ሌላም አልሆነ።

እነሱን አይቶ ጆሬውን ያወለቀው ሙህዬ እንኳ አንገቱን ደፋ።

አስማሚው ለዓመታት ሲያቀናላት ኖሯል። እሷ በጆሬዋ የሰማችው የቀናውን ነው፤ ጣቷ እየሳተ እየሳተ መሄዱን የሚነግራት ጆሮ አልነበራትም። ማሲንቆውን ጭኗ ላይ አስተኝታ እጇን አየችው። የአባቷ እጅ ይመስል ነበር። ሥራውን ግን ረስቶታል።

ጋንባት ስቆባት ይሆናል ብላ ቀና አለች። እሱ የራሱን ግራ እጅ አንስቶ እያሳያት ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ፤ ራሱን ነቀነቀ። የሱም እንዲሁ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዝግጅቱ ድረስ ጠዋት ጠዋት ተቀምጠው ሠሩ። ጆሬ ስለማይሰኩ መነጋገር አልቻሉም። «ዳኺያድ» ይላታል፤ ድገሚ ማለት መሆኑ ገባት። እሷም «ድገም» ትለዋለች። የሚናገርበት እውነተኛ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ብርድ የሰነጠቀው ዓይነት። ብዙ ጊዜ ዜማቸው ሊገናኝ ሲል ይጋጭና ሁለቱም ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። አንድ ጠዋት ግን፣ ባቲ ቅኝት ላይ ሳለች፣ ጣቷ ወደ ላይ ስትንሸራተት ጋንባት ወፍራሙን ክር ይዞ ቆየ። ሁለቱ ድምፆች ተጠጉ። አልተዋሃዱም። እንደ መጅና ወፍጮ ተፋጩ፤ ከፍጭቱም መሐል ከማሲንቆም ከሞሪን ኹርም ያልሆነ ሦስተኛ ድምፅ ወጣ።

ሁለቱም ደጋናቸውን አቆሙ።

«ዳኺያድ» አለ ጋንባት ቀስ ብሎ።

ደገሙት። ወጣ። አንሻ ሳቀች፤ ከዚያ ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አብረው የሠሩት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። ያችን ቦታ ወዲያና ወዲህ እያሰፉ አንድ ሙሉ ዜማ አወጡላት፤ መጨረሻዋም ላይ ያ ፍጭት ረጅም ሆኖ እንዲቆይ አደረጉ።

ሁለቱም ጆሬያቸውን ሰክተው ኑርልኝ ዘንድ ሄዱ። አንሻ ነገረችው። በአዳራሹ የሚጫወቱት ይህንን ነው፤ አስማሚ እንዲገባበት አይፈልጉም።

ኑርልኝ በጥሞና አዳመጠ። «እትዬ አንሻ፣ ማን ይከለክላችኋል? የፈለጋችሁትን ተጫወቱ።»

«ሰው እንዲሰማው ነው የምንፈልገው። እንዳለ።»

«እሱ የኔ አይደለም። ሰው የሚሰማው በራሱ ጆሬ ነው። እንዴት መስማት እንዳለበት እኔ ላዘው?»

«አዳራሹ ውስጥ አጥፉታ!»

«የሚጠፋበት ቦታ የለውም እኮ። የቱን ላጥፋ?» ጥፋተኛ ሆኖ የተያዘ ያህል አቀረቀረ። ከዚያ ፊቱ በራ። «ግን መጠየቅ ትችላላችሁ። መድረክ ላይ ሆነው ‹አውልቁ› ይበሏቸው። የፈለገ ያወልቃል።»

ጋንባት በዚያ በወፍራሙ ድምፅ «ጥሩ ሰው ነው፣ አይደል?» አለ። በገዛ ቋንቋው ምን ብሎ እንደነበረ አንሻ እስከ ዛሬ አታውቅም።

የዝግጅቱ ቀን ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ከተማውን ሸፍኖት ነበር። አዳራሹ ግን ሞላ። ሙህዬ አዲስ ኮት ለብሶ ከፊት ተቀመጠ። ቤት ሳሉ «አብሽሪ፤ እኔ አወልቃለሁ። ማንም ባያወልቅ እኔ አለሁ» ብሏት ነበር።

አንሻ ወደ መድረኩ ጠርዝ ወጥታ ጆሬዋን ነቅላ ሰው ሁሉ እንዲያይ ከፍ አደረገችው።

«ወገኖቼ፣ ለአንድ ዜማ ያህል ጆሬያችሁን አውልቁልን። አሥራ አንድ ዓመት የሰማችሁት እኛን አልነበረም። ዛሬ እኛን ስሙን።»

አዳራሹ በደስታ አጨበጨበ። ሴቶቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉላት። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ «አሚን» የሚል የከንፈር እንቅስቃሴ አሳዩ። እጁን ወደ ጆሮው የወሰደ ሰው ግን አላየችም።

«አልሰማችሁኝም?» አለች። እንደገና አጨበጨቡ።

ጋንባት ከወንበሩ ሆኖ አያት። ከዚያ ደጋኑን ክሩ ላይ አሳረፈ፤ ከመጫወት በቀር ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም።

በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ተጫውታ አታውቅም። ጣቷ ቦታውን ያገኘ መሰላት። የሞሪን ኹሩ ንዝረት በመድረኩ እንጨት አልፎ በእግሯ ገባ። ሕዝቡ ግን ከነሱ ጋር አልነበረም። በሌላ ምት ራሱን ይነቀንቃል። እነሱ ሲያዘግሙ ትከሻ ይሰበቃል፤ እነሱ ሲፈጥኑ ዓይን ይከደናል። ሁለቱ ብቻ ዝናብ ውስጥ ሆነው ሌላው ሁሉ ፀሐይ የሚሞቅ ይመስል ነበር። እንደምንም ወደ መጨረሻው ደረሱ። ጣቷ ወደ ላይ ተንሸራተተ፣ ጋንባት ወፍራሙን ክር ያዘ፣ ድምፆቹ ተጠጉ፣ መፋጨት ጀመሩ፣ ሦስተኛው ድምፅ ሊወጣ ሲል—

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። በሕዝቡ ጆሮ ዜማው አልቋል። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል፣ ያፏጫል፣ እልል ይላል። ሁለቱ ደጋናቸውን እየሳቡ ናቸው፤ አንሻ የራሷን ማሲንቆ እንኳ መስማት አልቻለችም። ጋንባት እስከ መጨረሻው ሳበ። ከዚያ ተነሥቶ እጅ ነሣ።

ቤት ሲገቡ ሙህዬን ለብቻው አግኝታ ጠየቀችው።

«አውልቀህ ነበር?»

«አውልቄ ነበር። ልክ ስትጀምሩ።»

«እሺ?»

ሙህዬ ኮቱን አወለቀ፣ አጣጠፈ፣ እንደገና ዘረጋው። «መለስኩት፣ አንሽዬ።»

«ለምን?»

«ሰው ሁሉ ደስ ሲለው አየሁ። ምን እየሰሙ ነው ብዬ ሰካሁት።» ዓይኗን ማየት አቃተው። «አልዋሽሽም፤ ያኛው ነው ያማረው። ወሏሂ እኔም የናንተን ብወድ ደስ ባለኝ።»

ኮቱን ከእጁ ወስዳ ሰቀለችው። ቆይታ ሌላ ነገር ጠየቀችው። «ገና ሳልጀምር የተናገርኩትን ሰምተሃል? ምን አልኩ?»

«‹ስለመጣችሁ ደስ ብሎናል፣ ልባችሁን ከፍታችሁ አድምጡን› አልሽ። ደግሞም መረቅሽን። እንዲያ አልነበር እንዴ?»

በማግስቱ ጋንባትን ኮምቦልቻ ድረስ ሸኘችው። ጣቢያው ላይ ሁለቱም ጆሬ አልሰኩም። ባቡሩ ሲመጣ ግንባሩን ከግንባሯ አገናኝቶ፣ ከዚያ ሳጥኑን አቅፎ ገባ።

የሐሙሱ ሥራ ቀጠለ። አንሻ ወደ ሆጤ ትሄዳለች፤ መብራቷ ትበራለች፤ «እህቴዋ፣ እንዴት ከረምሽ?» ይላታል። ባዝራው እንደወለደች፣ በረዶው ዘንድሮ እንደጠና ያወራታል። አንድ ቀን «ያችን ያወጣናትን ዜማ እንሞክራት?» አለችው። «እንሞክራት እንጂ» አለ፤ ተጫወቱት። ፍጭቱ አልነበረበትም፤ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነበር። አስማሚው ነው ብላ አለፈችው። ከዚያ ማዶ እሱም እንደሷ ጥርሱን ነክሶ ሻካራውን እየተጫወተ እንደሆነ አሰበች፤ ይህም አጽናናት። ቤቷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጆሬዋን አውልቃ አንቺሆዬን ትፈልጋለች። አንዳንድ ቀን ትቀርበዋለች።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ኑርልኝን «ለሚመጣው ዓመትም ጋንባትን ጥሩልን» አለችው።

«ጋንባትን? እሱማ ተወ እኮ፣ እትዬ።»

«ምን ተወ?»

«መጫወት። ከዚህ እንደተመለሰ መሣሪያውን ይዞ ወደ ገጠር ገባ አሉ። ስቱዲዮ ዳግም አልረገጠም።»

አንሻ ከረጢቷን መሬት አስቀመጠች። «ታዲያ ሐሙስ ሐሙስ ከማን ጋር ነው የምጫወተው?»

«ከጋንባት ጋር ነዋ» አለ ኑርልኝ፤ ጥያቄው ግር ብሎታል። «የአሥራ አንድ ዓመት ጋንባት ተቀድቶ አለን እኮ፤ አስማሚው ከዚያ እየሠራ ያጫውተዋል። አድማጩ ቅር እንዳይለው ብለን ነው።»

«እኔስ?»

«እርስዎም ቅር ሲልዎት አላየንም።»

ለክፋት አልነበረም የተናገረው። ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህም የምትቆጣው ሰው አጣች። ቤቷ ገብታ ለጋንባት ደወለች። ወዲያው ተነሣ። «እህቴዋ!» አለ ወፍራሙ ድምፅ፣ ደስ ብሎት። «አንተ ነህ?» አለችው። «እኔ ነኝ እንጂ፣ ሌላ ማን ሊሆን ነው?» ትንሽ አዳመጠች፤ ትንፋሽ ይሰማል። ጆሬዋን ብታወልቅ እንኳ ከዚያ ማዶ ያለው ማን እንደሆነ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ዘጋችው።

በተከታዩ ሐሙስ ሆጤ አልሄደችም። ለማንም አልተናገረችም። ምሳ በልታ ዕቃ አጠበች፤ ልብስ አሰጣች፤ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ አየች። ሰዓቱ ደረሰ፤ የጠራት የለም። ሰዓቱ አለፈ፤ የጠየቃት የለም።

አመሻሹ ላይ ሙህዬ ከሥራ ገባ። ፊቱ ፈክቷል።

«ወሏሂ አንሽዬ፣ ዛሬ ከሁሉ ቀን በለጣችሁ! ዋሻው ውስጥ ሥራ አቁመን ነው የሰማናችሁ። አለቃችን ሳይቀር።»

አንሻ አየችው። እንዳልሄደች ልትነግረው አፏን ከፈተች። ሙህዬ ግን ገና ጫማውን ሳያወልቅ ቆሞ፣ እንደዚያ ተደስቶ፣ ምስጋናዋን ይጠብቃል። ለስንት ወር እንዲህ ደስ ብሎት አላየችውም።

«የትኛዋን ነው የወደድካት?» አለችው።

«ስሟን የት አውቄ። መጨረሻ ላይ ያለችው። እንዲህ የምትል…»

ዘፈነላት። ሙህዬ ዜማ አይችልም፤ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይወጣና ይወድቃል፤ የጠፋውን በእጁ ይሞላል። አንሻ ዜማዋን አታውቃትም። ተጫውታው የማታውቀው ነገር ነው።

ተነሥታ ማሲንቆዋን ከግድግዳው አወረደች። ጆሬዋን ነቅላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ጣቷን ጭራው ላይ አሳርፋ በተሰነጠቀው ድምፁ ውስጥ የመጀመሪያውን ኖታ ፈለገች። አላገኘችውም።

«ቀስ በል፣ ሙህዬ» አለችው። «ከመጀመሪያው ጀምርልኝ።»